ሳይተሳሰቡ መተሳሰብ

«እንተሳሰብ» ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? መልሳችሁ ቃሉን አዘውትራችሁ የምትሰሙበትን ቦታ ያሳብቃል። ከስብሰባ አዳራሽ የመጣ ሰው «እንተዛዘን፣ አንዱ ለሌላው ያስብ ማለት ነው» ይላችኋል። ከሱቅ የመጣው ግን ኪሱን ይዳብሳል። ለእሱ «እንተሳሰብ» ማለት «ደብተሩን እናውጣና ያለብህን እንይ» ማለት ነው።

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ግዕዙ «ሐሰበ» ሲል ቆጠረም አሰበም ማለቱ ነው። «ሐሳብ»ና «ሒሳብ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ በአማርኛችን ደግሞ ሁለቱም «ተሳሰበ» በሚል አንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ሰው ለሰው ሲያስብ ተሳሰበ ይባላል፤ ሰው ከሰው ጋር ዕዳውን ሲያወራርድም ተሳሰበ ይባላል።

ታዲያ ምን ችግር አለው? አማርኛ ሰምና ወርቅ አይደል? ትሉ ይሆናል። ችግሩ ሰሙና ወርቁ ከተለያዩ መሰንበታቸው ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ «እንተሳሰብ» የሚለንን ሰው፣ «እሺ፣ ደብተሩን አምጣውና እንጀምር» ብንለው ይቀየመናል። እንድናዝን እንጂ እንድንቆጥር አይፈልግም። የኔ ክርክር አጭር ነው፦ አንዱ ለሌላው የሚያደርገውን የሚናገሩ ቃሎቻችን በሆዳቸው ቆጠራ ይዘዋል። ቆጠራውን አውጥተን ቃሉን ብቻ ስናስቀር ቃሉ መሸፈኛ ይሆናል። በየቀኑም እየሆነ ነው።

ነገሩን ቁልጭ አድርጋ ያሳየችኝ ቡሬ ናት። የጎጃሟ ቡሬ አይደለችም። በአሰብ መንገድ ያለው፣ የጦር ግንባር ሆኖ ስሙን የሰማነው ቡሬም አይደለም። የኢሉባቦሯ ቡሬ ናት፤ ከመቱ ተነሥቶ፣ ጎሬን አልፎ ወደ ጋምቤላ ቆላ ለሚወርድ መንገደኛ የደጋው መሰናበቻ የሆነችው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፣ የዚህ አገር ቡና በዚሁ መንገድ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በጀልባ ካርቱም ይገባ ነበር። ጨውና ጨርቅ ደግሞ በዚያው መንገድ ሽቅብ ይመጣል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ያለ ከተማ ሰላምታም ሒሳብም ያውቃል።

የገበያ ቀን ነበር። አንድ ቡና ሰብሳቢና አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ደብተር ዘርግተዋል። በክረምት ለበቆሎና ለልጆች ትምህርት ተብሎ የተወሰደ ገንዘብ አለ፤ በኋላ የገባ ጀንፈል ቡናም አለ። ወሬው በኦሮምኛ ነው፤ አልፎ አልፎ አማርኛ ጣል ይደረግበታል። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም። እያንዳንዷን ፈረሱላ ግን በቃላቸው ይዘዋታል። ነጋዴው «አባ፣ ይሄኛውስ?» እያለ ይጠይቃል፤ እሳቸው «እሱ ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ልጄ፤ ወደዚያ አድርገው» እያሉ ያርሙታል። አንድ ቦታ ላይ ድምፅ ከፍ አለ። እኔ የሚጣሉ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነጋዴው ገጹን ከጫፍ ጫፍ በእስክሪብቶ ሰረዘውና «ወሊ ገሌ» ተባባሉ። ተስማማን ማለታቸው ነው። ሻይ ታዘዘ።

እስቲ በዚህ ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። በኦሮምኛ «ወል» የምትባለው ትንሽ ቃል የአማርኛውን «እርስ በርስ» ሥራ ትሠራለች። ግስ ፊት ትቀመጥና ነገሩ ከአንድ ወገን ብቻ እንዳልመጣ ትናገራለች። የሚገርመው እኛም በአማርኛ «ወል» አለችን፦ የወል መሬት፣ የወል ግጦሽ፣ የወል ስም እንላለን። «ወሊ ገሉ» ሲተነተን አንዱ ወደ ሌላው መግባት ነው። የአማርኛውን «ተግባባ»ን ብትፈቱት ያው «ገባ» ነው የሚወጣላችሁ፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ገባ። አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ኦሮምኛ ኩሻዊ ነው፤ ሰው ከሰው መስማማቱን ግን ሁለቱም በአንድ በር ነው ያስገቡት። «ተስማማ» ደግሞ «ሰማ» ነው፤ እርስ በርሱ ተደማመጠ ማለት ነው። አለመስማማት ማለት እንግዲህ፣ በቃሉ ብንሄድ፣ አለመሰማማት ነው።

ጠብ ላይ ስንደርስ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች መንገድ ይለያያሉ። እኛ «ተጣሉ» እንላለን። ሥሩ «ጠላ» ነው። ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ጉዳይ ቢነታረኩ፣ በቋንቋችን ተጠላልተዋል ማለት ነው። ኦሮምኛው «ወልዸቡ» ይላል። «ዸቡ» ማጣት ነው፤ ስለዚህ የተጣሉት ሰዎች ተጣጥተዋል። አንዱ ሌላውን ከእጁ ጥሎታል፣ ወይም ሌላው ጠፍቶበታል። ጥላቻ ነው ካልከኝ መድኃኒቱ ፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ በትእዛዝ አይመጣም። ማጣት ነው ካልከኝ ግን ሥራው መፈለግ ነው። የት ጠፋህ? መቼ? ማን ነው መጀመሪያ መንገድ የሳተው? ፍለጋ ቦታና ቀን ይጠይቃል። ኦሮምኛ ተናጋሪ ከአማርኛ ተናጋሪ ያነሰ ይጣላል ማለቴ አይደለም፤ ቃል ብቻውን ሰውን ደግ አያደርግም። ቃሉ የሚጠቁመው አቅጣጫ ግን ይለያያል።

አሁን ወደ ዋናው ተከሳሽ እንምጣ፤ ወደ «እርስ በርስ»። «እርስ በርስ» ነው ወይስ «እርስ በእርስ» እያላችሁ የምትከራከሩ ወዳጆቼ፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ «በእኔ»ን «በኔ» እንደምንለው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ቁምነገር በቃሉ ውስጥ አለ። «እርስ» ከግዕዙ «ርእስ» የመጣ ነው። «እርሱ» ስንል ከሥሩ «ራሱ» ማለታችን ነው፤ «እርስዎ» ብለን ትልቅ ሰው የምናከብረውም ከራስ ተነሥተን ነው። ስለዚህ «እርስ በርስ» ማለት ራስ በራስ ማለት ነው። አንድ ራስ እዚህ፣ አንድ ራስ እዚያ። ሁለቱን ጭንቅላት አንድ ከረጢት ውስጥ የሚጨምር ቃል አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ ቆጥሮ፣ በመካከላቸው የሄደውንና የመጣውን የሚያሳይ ቃል ነው።

በደጉ ጊዜ ቃሉ ሥራ ይበዛበት ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ሲተረጎም፣ ሰዎች እንዲዋደዱ የሚያዘው ትእዛዝ የመጣው በዚህ ቃል ነው። የምትከፋፈል መንግሥት እንደምትጠፋ የተነገረውም በዚሁ ቃል ነው። ያኔ ለፍቅርም ለጥፋትም ያገለግል ነበር። ዛሬ ጋዜጣ ክፈቱና «እርስ በርስ» ከማን ጋር እንደሚውል እዩት፤ ከ«ጦርነት»፣ ከ«ግጭት»፣ ከ«መጠፋፋት» ጋር ነው። ፈረንጆቹ «ሲቪል ዎር» ሲሉ የዜጎች ጦርነት ማለታቸው ነው። ዓረቦቹ «ሐርብ አህሊያ» ሲሉ የወገን ጦርነት ማለታቸው ነው። እኛ ግን ማን እንደሆኑ ሳንናገር «የእርስ በርስ» አልነው። ዜጋም አላልናቸው፣ ቤተሰብም አላልናቸው። ሁለት ራስ ብቻ።

ይሁን፤ ጦርነት ስም ያስፈልገዋል። እኔን የሚያስከፋኝ ሌላ ነው። ይህ ቃልና የሱ ዘመድ የሆኑት ግሶች እጅ መደበቂያ ሆነዋል።

ከቤት እንጀምር። ጎረቤታችን ሚስቱን ሲደበድብ ያድራል። ጩኸቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጠዋት ሴትየዋ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ስትወጣ ምን እንላለን? «ተጣልተው ነው»። ትንሽ ደፈር ያለው «ተደባድበው ነው» ይላል። ልብ በሉ፤ «ደበደባት» ያለ የለም። «ደበደበ» አንድ እጅ ይጠይቃል፤ «ተደባደበ» አራት እጅ። ሴትየዋ ያላነሣችውን ሁለት እጅ ሰዋስዋችን አነሣላት። ከዚያ ሽማግሌ ይመጣና «ሁለታችሁም ተቻቻሉ» ይላል። መቻቻልም የሁለት ወገን ግስ ነው፤ የቻለችው ግን እሷ ብቻ ናት።

ወደ መሥሪያ ቤት ብትሄዱም ያው ነው። አለቃው ሠራተኛውን በግፍ ያባርራል፤ ደብዳቤው ላይ «በተፈጠረው አለመግባባት ምክንያት» ይላል። ተፈጠረ! እንደ ዝናብ። ደመናው ተሰብስቦ አለመግባባት ጣለ። በአንድ እጅ አይጨበጨብም እንላለን፣ እውነት ነው። በአንድ እጅ ግን በጥፊ ይመታል። ጭብጨባና ጥፊ ሁለቱም «ጧ» ስለሚሉ ብቻ አንድ ስም አይሰጣቸውም።

ከቤትና ከመሥሪያ ቤት ወጥተን ወደ አገር ስንመጣ ነገሩ ደም ይነካል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኢሉባቦር ተከፍሎ በወጣው በቡኖ በደሌ ዞን፣ በጮራና በዴጋ ወረዳዎች፣ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ቤተሰብም ከቀዬው ተፈናቀለ። ከሞቱት መካከል የኦሮሞም የአማራም ልጆች ነበሩ። ዜናው በምን ስም መጣ? «ግጭት» ተብሎ። ግጭት የሁለት ወገን ቃል ነው፤ ሁለት መኪና ይጋጫል። ግን የእያንዳንዱን ቤት በር ብታንኳኩ፣ በዚህኛው ቤት የሞተው ሰው ከማንም ጋር አልተጋጨም፤ በሩ ላይ ነው የመጡበት። በዚያኛው ቤት ደግሞ ጎረቤቱን አላስነካም ብሎ የቆመ ሊኖር ይችላል። ሌላው ቤት በእርግጥ በትር አንሥቶ የወጣ አለ። «ግጭት» የሚለው ቃል ሦስቱን አንድ ላይ ጠቀለለና ቀበራቸው። ገዳዩና የተገደለው፣ የሸሸገውና ያቃጠለው እኩል «ተጋጩ»። የቡሬው ሽማግሌ አንዲት ፈረሱላ ያለ ቦታዋ ስትጻፍ «ወደዚያ አድርገው» ብለው የሚያርሙት አገር ውስጥ፣ ሰው ሲሞት አራሚ አጣን።

የተገላቢጦሹን ደግሞ እዩ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት፣ የአንድ አገር ልጆች በሁለት ወገን ተሰልፈው የተዋጉበት ነበር። «የእርስ በርስ ጦርነት» የሚለው ቃል እውነተኛ ሥራውን የሚሠራበት ቦታ ቢኖር ይህ ነበር። ያኔ ግን ባለቤቶቹ ሸሹት። መንግሥት «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» አለው፤ በሌላው ወገን ያለው ደግሞ የተቃጣበትን ብቻ የሚናገር ሌላ ስም አወጣለት። ሁለቱም ወገን «እርስ በርስ» ማለት «እኔም አድርጌያለሁ» ማለት እንደሆነ ገብቶታል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ወረቀት «ስምምነት» ተባለ፤ ተሰማማን። ጠመንጃ ማስቀመጥ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። መደማመጥ ግን ገና ያኔ ነበር መጀመር የነበረበት።

እንግዲህ ደንባችን ይህ ይመስላል፦ አንድ እጅ በመታበት ቦታ ሁለት እጅ እንላለን፤ ሁለት እጅ በተማታበት ቦታ ደግሞ አንድ እጅ እንላለን። ቃሉን የሚመርጠው እውነቱ አይደለም፤ ሒሳብ መተሳሰብ ያልፈለገው ሰው ነው።

የፍቅሩ ቃልስ ምን ደረሰበት? በዚያው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የሄዱ ወጣቶች ባሕር ዳር ወርደው ከጣና ላይ እምቦጭ ነቅለዋል። መፈክራቸው «ጣና ኬኛ» ነበር። ጣና የኛ ነው። ኦሮምኛ ያልሰማ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት «ኬኛ»ን ተማረ። አስቡት፤ በአንዱ ጫፍ ጮራና ዴጋ ሬሳ በሚነሣበት ወር፣ በሌላው ጫፍ አረም ይነቀላል። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን «ኬኛ» መሳለቂያ ሆነች። የሰውን ንብረት ሁሉ የኔ ነው የሚል ሰው መጠሪያ ሆነች። ምን ሆነች? አንዱ ምክንያት በቃሉ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ይመስለኛል። «ኬኛ»ም ሆነች የአማርኛዋ «የኛ» ማንን እንደምትጨምር አትናገርም። ስነግርህ አንተንም ጨምሬ ይሆናል፤ አንተን ትቼም ይሆናል። በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ለዚህ ሁለት ቃል አለ፦ «ኪታ» ካሉ አንተም አለህበት፤ «ካሚ» ካሉ አንተን አይመለከትም። እኛ አንድ ቃል ስላለን፣ ተናጋሪው «ኪታ» ሲል ሰሚው «ካሚ» ይሰማል። ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው ተግባር ብቻ ነው፤ መጥቶ የነቀለ ሰው «የኛ» ሲል ይታመናል። የሄደውና የመጣው ሲቋረጥ ቃሉ ብቻውን ቀረና ተጠረጠረ።

የኢሉባቦር መሬት ራሱ የቆየ ደብተር አለው። ራስ ተሰማ ናደው ጎሬ ላይ ሆነው ባስተዳደሩት ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ገባሩ ለመልከኛው ያርሳል፣ ይገብራል፣ ቤት ይሠራል። የዚያን ዘመን ታሪክ ዛሬ ስናወራ «ተከባብረው፣ ተዛዝነው ኖሩ» የሚል አለ። በግል ተዛዝነው የኖሩ ሰዎች መኖራቸውን አልክድም። ሥርዓቱን ግን «ተ» ብሎ መጀመር ሐሰት ነው፤ አንዱ ሰጠ፣ ሌላው ተቀበለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን ደብተር ዘጋው። ሌላ ደብተር ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ተከፈተ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ድርቅ ያጎሳቆለው የወሎና የትግራይ ገበሬ በሰፈራ ወደዚህ መጣ። በኢሉባቦር ብዙው «ስግሰጋ» በሚባለው መንገድ በነባሩ የገበሬ ማኅበር መካከል ነበር የተሰገሰገው። ነባሩ ገበሬ ጎጆ እንዲሠራለት ታዘዘ። እንግዳውም ቢሆን ብዙው ወዶ አልመጣም። በትእዛዝ የተሠራ ጎጆ ደቦ አይባልም፤ ተገዶ የመጣ ሰውም እንግዳ ለመባል ይከብደዋል። ሁለቱም ወገን ሳይጠየቅ ነው ጎረቤት የሆነው። ጎረቤትነቱ እውነተኛ የሆነው ኋላ፣ ትእዛዙ ሲነሣ፣ አንዱ የሌላውን ለቅሶ መድረስ ሲጀምር ነው። ይህን ሁሉ ሳይቆጥሩ «ለዘመናት ተዋደን የኖርን» ማለት፣ በመጨረሻ በራሳቸው ፈቃድ የተዋደዱትን ሰዎች ልፋት መብላት ነው።

የገጠሩ ሰው ይህን ያውቃልና ቃሎቹን አይቀላቅልም። በሰሜን «ወንፈል»፣ በዚህ አገር «ዳዶ» ሲባል ቀን በቀን ነው፤ ዛሬ ለኔ ካረስክ ነገ ለአንተ አርሳለሁ። የቀረ ቀን ይታወሳል። «ደቦ» ሲባል ግን ባለቤቱ ጠላና ምግብ አዘጋጅቶ አገሩን ይጠራል፤ እንደ ወንፈል ቀን ለቀን አይመለስም። አንዱ የሚቆጠር መተሳሰብ ነው፣ ሌላው የማይቆጠር። ሁለቱም ስም አላቸው፣ ሁለቱም ይከበራሉ። ወንፈል በልቶ «ደቦ መስሎኝ» የሚል ሰው ግን በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን ብቻውን ያርሳል። ደም ሲፈስም ያው ነው። የኦሮሞ «ጉማ» ገዳይ ወገን ማድረጉን ካመነ በኋላ ካሳውን በሽማግሌ ፊት ቆርጦ የሚያስከፍል ሥርዓት ነው። አማርኛ ተናጋሪውም የደም ካሳ ያውቃል። በሁለቱም ዘንድ ዕርቁ ከቆጠራው ኋላ ነው የሚመጣው።

መንግሥታችን ግን ከጫፉ ነው የጀመረው። በ2011 ዓ.ም. የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1102 ተቋቋመ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265 ተቋቋመ። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነው። ቅደም ተከተሉን እዩልኝ፦ መጀመሪያ ታረቁ፣ ከዚያ ተመካከሩ፣ ከዚያ ማን ምን እንዳደረገ እንይ። ደቡብ አፍሪካውያን በ1988 ዓ.ም. ሰዎችን መስማት የጀመረውን ኮሚሽናቸውን ሲሰይሙት «የእውነትና የዕርቅ» አሉት፤ እውነት ቀደመ። እዚያም ቢሆን ካሳው ዘግይቶና አንሶ መጣ ብለው የሚወቅሱ አሉ፤ ማለትም ደብተሩን አንብበው ሲያበቁ ሳይከፍሉ ተነሡ ነው ክሱ። የኛ ወቀሳ ግን ከዚያም ይቀድማል፤ ደብተሩን ሳናነብ ነው ሻይ ያዘዝነው።

«ምክክር» ጥሩ ቃል ነው፤ በነገራችን ላይ። መከረና ተመካከረ አንድ አይደሉም። የመከረ ሰው አፉ ብቻ ነው የሚሠራ፤ የተመካከረ ሰው ጆሮውም ይሠራል። አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ተናግሮ፣ ሌላው አጨብጭቦ ሲወጣ «ተመካከርን» ማለት ቃሉን መዝረፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማከብረው ክርክር ይነሣብኛል። «ቆጠራ ቂም ይወልዳል፤ እኛ አገር ማን መጀመሪያ ነካ ካልን እስከ አያት ቅድመ አያት እንሄዳለን፤ ዝም ብሎ መርሳት ይሻላል» የሚል። ይህን የሚሉት ሁሉ ጥፋተኞች አይደሉም፤ ደም ማየት የሰለቻቸው ደጋግ ሰዎች አሉባቸው። መፍራታቸውም ልክ ነው። ሒሳብን ለማወራረድ የማይቆጥር፣ ለማብዛት የሚቆጥር ሰው ሞልቷል። የኔን ሟች በጣት፣ ያንተን በግምት የሚቆጥር አለ። ይህ መተሳሰብ አይባልም፤ ማሰብ ብቻ ነው፤ «ተ»ው የለበትም። ሁለት ሰው ባንድ ደብተር ላይ ካልተቀመጠ፣ ሁለተኛው «ወደዚያ አድርገው» ማለት ካልተፈቀደለት፣ ሒሳቡ የአንድ ሰው ድርሰት ነው። ግን ቂም የሚወልደው የተወራረደው ሒሳብ ነው ወይስ ያልተወራረደው? ቡሬ ላይ ያየሁት ገጽ የተሰረዘው ከተነበበ በኋላ ነው። ሳይነበብ ቢሰረዝ ኖሮ ሽማግሌው በቃላቸው የያዙት ሁሉ አብሯቸው ቤት ይገባ ነበር፤ ልጃቸውም ይወርሰው ነበር። የረሳን የሚመስለንን ነገር ልጆቻችን አሳምረው ሲያስታውሱት ያየነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከናንተ ከአንባቢዎቼ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ዜና ስትሰሙ፣ ሽምግልና ስትቀመጡ፣ በቤታችሁም ስለጎረቤት ስታወሩ፣ በ«ተ» የሚጀምር ግስ ሲመጣባችሁ አንድ ጊዜ ቆም በሉ። «ተጋጩ» ሲባል ማን ሄደ፣ ማን ቤቱ ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። «ተጣሉ» ሲባል በማን ፊት ላይ ነው ቁስሉ ያለው? በሉ። «ተቻቻሉ» ሲባል የቻለው የትኛው ነው? በሉ። መልሱ በእርግጥ ሁለቱም ከሆነ ቃሉ ይጽና፤ ሁለቱም ድርሻቸውን ይውሰዱ። መልሱ አንዱ ከሆነ ግን «ተ»ዋን አንሡና «መታ»፣ «አባረረ»፣ «ገደለ» በሉ። ቋንቋው ይችላል፤ እነዚህም አማርኛ ናቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይም አንዱ ተነሥቶ «እንተሳሰብ» ሲል አታጨብጭቡ፣ አትቀየሙም። እጃችሁን አውጡና በትሕትና «በየትኛው?» ብላችሁ ጠይቁት። «በሁለቱም» ካለ፣ ወንበር ስቡና ተቀመጡ።